ሸክላ ሻጯ

ወልቂጤ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዷ ጓደኛዬ ለእየሩስ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ ከሥዕሉ በቀር ደህና ነኝ። መልስ ሳልሰጥ ሦስት ሳምንት በመቆየቴ ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽን ያመጣልኝ ሾፌሩ ዑመይር መናኸሪያ ባየኝ ቁጥር «ቲቸር፣ የቡታጅራዋ እየጠበቀች ነው፤ ወረቀት ላዋጣልሽ እንዴ?» እያለ ሲያሳፍረኝ ሰነበተ። ስልክ እያለ መጻጻፋችን ግራ ገብቶታል። በስልክማ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ተባብለን እንዘጋዋለን። ከሥዕል ትምህርት ቤት ከወጣን ጀምሮ ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው የዘለቅነው።

«እውነት መሳል አቁመሻል?» ላልሽኝ፣ አዎ። ልጆቹን አስተምራለሁ፤ ሰሌዳ ላይ ክብና ሾጣጣ እሥላለሁ። ቤት ስገባ ግን ሸራው ነጭ እንደሆነ ይጠብቀኛል። እናቴ ደሴ ስታርፍ መንገድ ተዘግቶ ሳልቀብራት እንደቀረሁ ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ፊት ልሥል ስጀምር የእሷ ፊት ይመጣል። የእሷን ልሥል ስል ደግሞ ይጠፋል። በግንቦት አብረን ሥራ እናሳያለን ብለን ለአዳራሹ ሰዎች ቃል የገባነውን ሳስበው ሸራውን ወደ ግድግዳው አዞረዋለሁ።

የጥያውን ጉዞ ንገሪኝ ብለሻል። በቀጠሯችን ቀን ቀረሽብኝ፤ ስልክሽም አይነሣም፤ ብቻዬን ገባሁ። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም ነበር። ትክል ድንጋዮቹ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ማን ይቅደም እንደሚባባሉ ሰዎች፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ዘንበል ብለው ቆመዋል። በላያቸው የተቀረጸው ጎራዴና ቅጠል የሚመስለው ምልክት ጭጋጉ ሲያልፍበት የሚተነፍስ ይመስላል። እጄን ልዘረጋ ስል ጥበቃው ጋሽ ተረፈ ከኋላዬ «በዓይን ብቻ!» አሉኝ።

«ከሥር የተቀበሩት እነማን ናቸው?» አልኳቸው።

«የቆፈሩት ምሁራን ወጣቶች ናቸው ይላሉ።»

«ማን ቀበራቸው?»

«የሚወዳቸው ነዋ! የማይወድሽ ሰው ይሄን የሚያህል ድንጋይ ይጎትትልሻል?»

ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ እርሳሴን አወጣሁ። እየሩስ፣ ሦስት ገጽ ሣልኩ! ሲመሽ ሥዕሎቹን አየኋቸው፤ ድንጋይ አልነበሩም። ሁሉም እጅ ሆነዋል፤ ከመሬት የወጡ እጆች። ያንን ድንጋይ የፈለፈለውን ሰው እጅ ነበር የምፈልገው ለካ። ዛሬም በዚያ ዓይነት ትዕግሥት የሚሠራ እጅ ማየት አማረኝ። ጋሽ ተረፈ ውሃ የሚጠጡበት፣ አንገቱ ላይ ጥርስ ጥርስ የወጣለት ገንቦ አላቸው። «የጉንችሬ ሥራ ነው» አሉኝ። ዘመዶችሽ ጉንችሬ ካለበት ከእነሞር ናቸው ብለሽኝ የለ? በዚያ በኩል የምታውቂው ሸክላ ሠሪ ካለ ንገሪኝ።

እናትሽስ እንዴት ናቸው? ጠይቄሽም አላውቅ።

ያንቺው ሰገነት

&nbsp;

ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰጊዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጥያ ስላልመጣሁ «ራሴን አሞኝ ነው» ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ ወረቀቱን ቀደድኩት። ምንም አላመመኝም። ለብሼ ወጥቼ፣ መናኸሪያ ደርሼ፣ ተመለስኩ። ድሮ የተሠራ ነገር ፊት መቆም አልወድም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ሸክላ ሠሪ አላውቅም። ያደግሁት ወልቂጤ አክስቴ ዘንድ ነው። እናቴ ሩቅ ናት። ደህና ናት ይላሉ።

እኔ ትልልቅ ሸራ ላይ ቀለም አፈስሳለሁ። ቅርጽ የለውም፤ የሚያዩት ሰዎች «ዘመናዊ ነው» ይላሉ፤ ይበቃኛል። ሰሞኑን በርበሬ በየግቢው ተሰጥቷል። ጎረቤቴ ሰፍያ ጣሪያዋ ላይ ሳይቀር አስጥታዋለች። ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ቀይ ባሕር ዳር ያደርኩ ይመስለኛል። ያንን ቀይ ነው የምፈልገው። ከጭቃ ምን ይገኛል ብለሽ ነው? ጭቃ ጭቃ ነው።

እየሩስ

&nbsp;

ወልቂጤ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእዩዬ፣

እንኳን ለገና በዓል አደረሰሽ። ጨክነሽ አጭር ደብዳቤ ብትጽፊም በርበሬሽን አልሜው አድሬያለሁ። «ጉንችሬ ሄድሽ ወይ? ምን አገኘሽ?» ብለሽ ለዑመይር የላክሽው የቃል መልእክት ደርሶኛል። አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ስለዚህ ወንበርሽን ሳቢ።

ገበያው ጥግ፣ ሰው ሁሉ ትንሽ ራቅ ብሎ በሚያልፍበት ቦታ፣ አንዲት ቀጭን ሴት ጣባና ገንቦ ደርድረው ተቀምጠዋል። ክትፎ የሚቀርብበትን ያንን ዝርግ ሸክላ፣ ጣባን፣ ስንቴ በልቼበታለሁ! አንድም ቀን ሰው የሠራው ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም ነበር። አንሥቼ አየሁት። ከንፈሩ ዙሪያ የጋሽ ተረፈ ገንቦ ላይ ያለው ጥርስ አለ።

«ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ።

«ልሥለው ነው።»

«ለምን ትሥይዋለሽ፣ ራሱ እያለ?»

ስማቸው መሰለች ነው። ሲሠሩ ማየት እንደምፈልግ ስነግራቸው ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ቤት ስትገቢ ሰው ያይሻል» አሉ። «ይየኝ» አልኩ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ እኔ የደሴ ልጅ፣ የዚህን አገር ነገር ገና እየተማርኩ ነው።

ቤታቸው እንሰት መካከል ነው። ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ውስጡ ስትገቢ ብርሃኑ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከውሃ ሥር የተቀመጥሽ ይመስልሻል። እማማ መሰለች የተሰበረ ሸክላ፣ ገሉን፣ ወቅጠው አድቅቀው ከአዲሱ ጭቃ ጋር ያቦኩታል። ለምን ብላቸው፣ «ጭቃ ብቻውን እሳት አይችልም። እሳት ያየ ሽማግሌ ያስፈልገዋል» አሉኝ። የሚያለሰልሱበት ጥቁር ጠጠር አላቸው፤ ከመዳፍ ብዛት መስተዋት ሆኗል።

«ይሄ ከማን ነው?»

«ከእናቴ።»

«እሷስ?»

«ከእናቷ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት ከወንዝ» አሉና ሳቁብኝ።

የጥያን ሥዕሌን አሳየኋቸው። ብዙ አዩት። ድንጋዮቹን አይተዋቸው አያውቁም። «የሠራው ሰው ቀኝ እጁ ይደክመው ነበር» አሉኝ በጣታቸው እያመለከቱ፤ «እዚህ ጋ አርፏል።» እየሩስ፣ ስሥለው መስመሩ ለምን እንደሚሰበር አላወቅሁም ነበር!

ያን ዕለት በሕልሜ ትክል ድንጋዮቹ ተነሥተው፣ እንስራ አዝለው፣ በጭጋግ ውስጥ በሰልፍ ወደ ጉንችሬ ሲሄዱ አየሁ። መጨረሻ ላይ እናቴ ነበረች። ፊቷ አልጠፋብኝም።

«ልጅ አለዎት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «አንድ ሴት ልጅ አለችኝ» አሉ። የት እንዳለች ስጠይቅ ጠጠሩን በምራቃቸው አርሰው ማሸት ቀጠሉና «ሩቅ ናት» አሉኝ።

ሰገነት

&nbsp;

ቡታጅራ፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰገነት፣

የጉንችሬውን ወሬሽን አነበብኩት። አልደነቀኝም። አንቺ በሳምንት አንድ ቀን ሄደሽ ጭቃ ነክተሽ፣ እጅሽን ታጥበሽ ትመለሻለሽ። ከዚያ ሥዕል ይሆንልሻል፤ ሰው ያጨበጭብልሻል። እነሱ ታጥበው የሚመለሱበት የለም። ለአንቺ ተመስጦ የሆነው ነገር ለሌላው ሰው ስድቡ ነው። ይህንን ማንም አልነገረሽም?

ስለዚያች ሴት ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።

ሳሉ ግን እንዴት ነው? ጭሱ ደረቷን ይይዛታል። እርጥብ እንጨት እንዳታነድድ ንገሪያት።

እየሩስ

&nbsp;

ወልቂጤ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእየሩስ፣

ስለ ሳል ጽፌልሽ አላውቅም።

ረስቼ ይሆን እያልኩ ብዙ አሰብኩ። አልጻፍኩም፤ ምክንያቱም በደረቁ ወራት፣ እኔ ባለሁበት፣ እማማ መሰለች ሲያስሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ማልጄ ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ ሰማኋቸው። ጠዋት ጠዋት ነው ለካ፤ ሰው ሳይመጣ አስለው ይጨርሱታል።

ምንም አልጠይቅሽም። ለእሳቸውም ምንም አልነገርኩም። ስድብ ስላልሽው ግን ልክ ነሽ፤ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ገበያ ላይ ሰው ራቅ ብሎ የሚያልፈው ቦታ ስለጠበበ ይመስለኝ ነበር። ያንን ደብዳቤዬን አሁን ሳስበው እንደ ቱሪስት ሆኜ ለራሴ እታያለሁ።

አትጻፊልኝ ብለሻል፤ ይህን ብቻ ጽፌ ዝም እላለሁ። ጭቃው የሚወጣበት ጉድጓድ ሩቅ ነው፤ ጉልበታቸውም አልቋል። ከሆሣዕና በፊት ባለው ቅዳሜ የመጨረሻቸውን ሸክላ ሊተኩሱ ነው። «ከዚያስ?» ብላቸው፣ «ከዚያማ እጄን አጣጥፌ የሰው እጅ አያለሁ» አሉ። «የሚረከበኝ የለም» ሲሉ አልተማረሩም፤ ዝናብ ዛሬ አይመጣም እንደሚል ሰው ነው የተናገሩት።

ሰገነት

&nbsp;

ቡታጅራ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰጊዬ፣

እናቴ ናት።

ይህችን ቃል ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

የምረቃችንን ዕለት አስቢ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ፎቶ ስንነሣ አንዲት ሴት ነጠላዋን አጣፍታ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ መጣች። ጣባ ነበር። ከጉንችሬ አዲስ አበባ ድረስ፣ እንዳይሰበር፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ ይዛው። አንቺ «ማናት?» አልሽኝ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። «ሸክላ ሻጭ ናት» አልኩሽ። አንቺ ደግ ሰው፣ «ታዲያ እንግዛቸዋ!» አልሽ። እናቴ አማርኛ ትሰማለች። ጣባውን ከበሩ ሥር አስቀመጠችው። ዞራ ሄደች። ማን እንዳነሣው አላውቅም።

ሰበብ ልስጥሽ? አለኝ። እኛ አገር ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይሉ ነበር። ልጆች ሆነን ጎረቤት ውሃ ስንጠይቅ በኮባ ቅጠል ነበር የሚሰጡን፤ ዋንጫቸውን እንዳናረክስ። ውሃው የተቀዳበትን ገንቦ የሠራችው እናቴ ናት! ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ወልቂጤ አክስቴ ጋ ላከችኝ። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ፣ «የማን ልጅ ነሽ ቢሉሽ የአክስቴ ነኝ በዪ» አለችኝ። ውሸቱን ያስተማረችኝ ራሷ ናት። በራሷ ላይ እንደምናገረው ግን አላሰበችም።

አሁን ዘመኑ ተለውጧል ይላሉ። እኔ አልተለወጥሁም። በየመስቀሉ የጉራጌ ሰው ሁሉ አገሩ ሲገባ፣ ከተማው ጭር ሲል፣ በሬን ዘግቼ ቀለም አፈስሳለሁ። በአክስቴ በኩል ልብስ እልካለሁ፤ «ደርሷል» ይሉኛል። ቅርጽ ያለው ነገር የማልሥለው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እጄን ከለቀቅሁት የሚሠራው ገንቦ ነው።

ያን ቀን ታስታውሺዋለሽ? ደግሞስ፣ ብሄድ ትቀበለኛለች?

እየሩስ

&nbsp;

ወልቂጤ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእየሩስ፣

ደብዳቤሽን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ፤ ቆሜ አነበብኩት፤ ተቀምጬ ደገምኩት።

ታስታውሺዋለሽ ላልሽው፣ አላስታውስም። ይህ ነው ያሳፈረኝ። አንዲት እናት ያን ያህል መንገድ ጣባ ታቅፋ መጥታ ፊቴ ቆማለች፤ እኔ ባርኔጣዬን እያስተካከልኩ ነበር። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ያንኑ እጅ ፍለጋ ጥያ ድረስ ሄጄ ድንጋይ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸው እኔን ለይተውኝ ይሆን? አንዳንዴ ስሥል ቀና ብለው ዓይናቸውን ፊቴ ላይ ትንሽ ያቆዩታል።

ትቀበለኛለች ወይ? አላውቅም። ልዋሽሽ አልችልም። ምናልባት ፊት ይነሡሽ ይሆናል። ግን አንድ የማውቀው አለ። እኔ መንገድ ተዘግቶብኝ ነው ያልደረስኩት። የአንቺ መንገድ ክፍት ነው፤ ዑመይር በቀን ሁለቴ ይመላለስበታል።

የእጃቸው ሥዕሎች ዐሥራ ሰባት ደርሰዋል። ካልፈቀዳችሁ ለማንም አላሳይም፤ አንቺም፣ እሳቸውም። ሸክላው በሚተኮስበት ቅዳሜ እኔ አልመጣም። ያ ቀን የእኔ አይደለም።

ሰገነት

&nbsp;

ጉንችሬ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰጊዬ፣

ይህን ያህል ጊዜ ዝም በማለቴ ይቅር በይኝ። «ደረስሽ?» የምትለዋን ቁራጭ ወረቀት ትናንት አመጡልኝ። ደርሻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በእንሰቱ መካከል ስገባ ከጓሮ ጭስ አየሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ጎንበስ ብላ፣ ሸክላውን ትደረድራለች። በጣም አንሳለች። ምን ብዬ እንደምጠራት ጠፋኝ። ሳትዞር፣ «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

ጣባውን በያዘችበት ቀረች። ከዚያ፣ «ሣሩን አቀብይኝ፣ ነፋሱ ሳይነሣ» አለች።

አቀበልኳት። እስከ ማታ ድረስ ስለ እሳት ብቻ ነው ያወራነው። እዚያ ጋ ጨምሪ፤ ይሄኛውን ተዪው፤ ራቅ በዪ ይለበልብሻል። እጄ ሁሉን ያስታውሳል፣ ሰጊ! ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ያልነካሁትን፣ የቱ ጋ ሣር እንደሚጎድል፣ ነበልባሉ ሲነጣ ምን ማለት እንደሆነ፣ እጄ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። ሁለት ገንቦ ፈነዳ። ሁለቴም ደነገጥሁ፤ እሷ ቀና ብላ አላየችም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉልበቷ ላይ ወደቅሁ። የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ረሳሁት፤ «እማዬ፣ ያን ቀን...» ብቻ አልኩ።

«ሰምቼሻለሁ» አለች። «ሸክላ ሻጭ ናት አልሽ። ሸክላ ሻጭ ነኝ፤ እሱ ውሸት አይደለም። የቀረውን ነው ያላልሽው።»

«አሁን ልበለው?»

«አሁን ማን ይሰማሻል? ዶሮዎቹ?» ብላ ሳቀች። ሳቁ ሳል አመጣባት። ጀርባዋን ደገፍኳት፤ በመዳፌ ሥር አጥንቷን አንድ በአንድ አገኘሁት። ሳሉ ሲለቃት እጄን ከጀርባዋ አላነሣችም። «ቁጣዬን ገና አልጨረስኩም» አለችኝ። «ዐሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀምኩት ነው፤ በአንድ ቀን አያልቅም። ቀስ እያልኩ እቆጣሻለሁ። እስከዚያው ቆጮው አለ፣ ብዪ።»

እውነቷን ነው፤ እሑድም ተቆጣችኝ፤ ሰኞም። ሰኞ ጤና ጣቢያ ወስጃት እንኳ እየተቆጣችኝ ነበር የተመረመረችው። ጭስ ፊት መቀመጥ ተከልክላለች። መድኃኒት ሰጥተዋታል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ብለውናል። ስለ ደረቷ ከዚህ በላይ ያሉኝን ስትመጪ እነግርሻለሁ።

ስለ አንቺ ጠየቅኋት። ገና የመጀመሪያ ቀን ገበያ ላይ ለይታሻለች። «ያቺ ልጅ ልግዛ ያለችኝ ናት» አለች፤ «ከሁላችሁም እሷ ብቻ ናት ሥራዬን ያየችው። ስለዚህ አስገባኋት።» እንግዲህ አንቺ የረሳሽውን ቀን እሷ እንዲህ አድርጋ ይዛዋለች።

ለግንቦቱ ዐውደ ርእይ የቀለም ሸራዎቼን ማምጣት እንደሌለብኝ ወስኜ ነበር፤ እማዬ ግን ፎቶአቸውን ስልኬ ላይ አይታ፣ «ይሄ በርበሬ ነው፤ ምን አጠፋ?» አለች። ስለዚህ ይመጣሉ። የእጇን ሥዕሎች ፈቅዳለች። ጣባዎቿንም ትሰጣለች፤ ስሟ እንዲጻፍ፣ ደግሞም «ጥንታዊ» የሚባል ቃል አጠገቡ እንዳይኖር። «ማክሰኞ የሠራሁትን ምን ብለው ነው ጥንታዊ የሚሉት?» ትላለች።

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት እስከ ፋሲካ ማግሥት ፈቃድ ወስጃለሁ። ጭቃ ከሚወጣበት ጉድጓድ ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ ተሸክሜ መጣሁ። መንገድ ላይ የቆሙ ሴቶች አዩኝ፤ አንዷ ፊቷን አዞረች፤ አንዷ «አይዞሽ» አለችኝ። ሁለቱንም ተሸክሜ ገባሁ። የመጀመሪያ ጣባዬ ሳይደርቅ ተጣምሟል።

ለፋሲካ ነዪ። ደብተርሽን አትርሺ፤ እማዬ «ሳትሥል ስትቀር ታዝናለች» ብላለች።

አሁን ከጓሮ እየጠራችኝ ነው። እየሩስ ብላ አይደለም፤ ስወለድ ባወጣችልኝ፣ ከዘጠኝ ዓመቴ ወዲህ ማንም ባልጠራኝ ስም ነው። መጻፌን ላቁምና ልሂድ፤ ሦስተኛ ጊዜ ስትጣራ ቁጣ ይጨመርበታል።

እየሩስ፣ የመሰለች ልጅ